ከወተቱ በፊት

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ጠብታ» የሚላቸው፣ እኛ የዘመድ ልጆች ሁሉ አክስታችን የምንላቸው ሴት፣ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው፣ ከስፌት ቤቱ በላይ ባለችው ክፍል ከሰባ አንድ ዓመት በፊት ተወለዱ። በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቀው ሠላሳ ስምንት ዓመት በሆስፒታል ምድር ቤት አገለገሉ። የብዙዎቻችንን ደም ከመልካችን ይልቅ ያውቁት ስለነበር፣ መንገድ ላይ ሰላም ሲሉ እንኳ ሰው ይደነግጥ ነበር። ትዳር አልያዙም፤ ለምን ሲባሉ «በቂ ናሙና አላገኘሁም» ይሉ ነበር።

የሚከተለው እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። «ብታለሳልሱት ከሳጥኑ እነሳለሁ» ስላሉ አላለሳለስነውም።

የታናሽ ወንድማቸው ሚስት የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ሕፃኑ በሁለተኛው ቀን ዛለ፣ ስርቅታው አልለቀው አለ፣ በስድስተኛው ቀን አረፈ። «ወተትሽ ነው» ብለው ቀድመው የተናገሩት አክስታችን ነበሩ። ነጭ ጋዎን የለበሰ ሰው የተናገረው ደግሞ በቤተ ዘመድ ዘንድ ሕግ ነው። ሁለተኛዋን ልጅ ጡት ከለከሏት፤ እሷም በአምስተኛው ቀን ሄደች።

አባታቸው ምራታቸውን ወደ ቤተሰቧ ሊመልሱ ቆረጡ። ሻንጣዋ በሩ ሥር ተቀመጠ። አክስታችን ግን የእናቷን ወተት ያልቀመሰች ልጅ ምን ገደላት ብለው እንቅልፍ አጡ። ከመሞቷ በፊት ከሕፃኗ የተወሰደውን የአከርካሪ ፈሳሽ ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ ላኩ። መልሱ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ሻንጣው ከበሩ አልተነሣም። በመካከሉ ስርቅታው መቼ እንደ ጀመረ እናቲቱን ጠየቋት።

«ከስድስተኛ ወሬ ጀምሮ፣ ሆዴ ውስጥ። ሁለቱም። እስከ ዛሬ ማን ጠየቀኝ?»

መልሱ መጣ። ሕፃኗ ግላይሲን የሚባለውን ንጥረ ነገር የምትፈጭበት አቅም ሳይኖራት ነበር የተፈጠረችው፤ የአንጎሏ ሚዛን የተዛባው ገና በማሕፀን ሳለች ነው። አክስታችን ወረቀቱን በስፌት መኪናው ላይ ዘረጉት።

«አባዬ፣ ይሄ ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ አይመጣም። ግማሹ ከኛ ቤት ነው። ወተት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ።»

የአባታቸው የስፌት መኪና ቆመ። እናታቸው ተነሥተው ሻንጣውን ፈቱት።

ሦስተኛው ልጅ ደኅና ተወለደ፤ አክስታችን ግን አፉን እስኪፈታ ድረስ ስርቅ ባለው ቁጥር ከመቀመጫቸው ይነሡ ነበር።

ስምንት ወር በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አረፉ። ያስታመመቻቸው ያችው የወንድማቸው ሚስት ናት። አንድ ወንድምና፣ እሷን ምራት እንዳንላት ስላዘዙ፣ አንዲት እህት ትተዋል። የወንድማቸው ልጆች ሦስት ናቸው፦ አንዱ ከሳጥኑ አጠገብ ቆሟል፣ ሁለቱ ቀድመዋቸዋል። በዚህ ቤተሰብ ወረቀት ላይ ሁለቱ ሲቆጠሩ ዛሬ የመጀመሪያው ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከሁለቱ ጎን ያሳርፍልን።