የእማማ ሊሳ ድንኳን

ጥቅምት 10፣ ሰኞ ማታ

ዛሬም ቁስል ማጠብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ወገቤ አለቀ። ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ካላማረርኩ ለማን ላማርር።

እማማ ሊሳ (ከዚህ በኋላ እ.ሊ. ብዬ ነው የምጽፈው፣ እጄ ደክሟል) ዛሬም የአንድ ሽማግሌ ሁለቱም እግር ካልታጠበ አሉ። የቆሰለው ቀኙ ነው። ግራው እንደ ሎሚ ጤነኛ። እኔ ነርስ ነኝ፣ ደጅ ወረፋ አለ፣ ሰዓት አያለሁ። እሳቸው ግን ዱካቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ሽማግሌውን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ጤነኛውን እግር በሳሙና ቀስ ብለው ያሹታል። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ለምን ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። የታመመው ብቻውን እንዳያፍር ነው አሉኝ። በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም።

ከፊንላንድ የመጡት በሚሲዮን ነው፣ ገና ወጣት ሳሉ። አብረዋቸው የመጡት ሁሉ አንድ በአንድ ተመለሱ። እሳቸው ቂርቆስ፣ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተው ቀሩ። አንዷ መኖሪያቸው፣ አንዷ ቁስል ማጠቢያ። እግሩ የቆሰለ፣ ያበጠ፣ የሸተተ፣ ቤተሰቡም የሸሸው ሁሉ እዚህ ይመጣል። መምጣት ያልቻለው ጋ እኛ እንሄዳለን።

አሁን ሊሄዱ ነው። ዓይናቸው ደከመ። ማንም አልነገራቸውም፣ ራሳቸው ናቸው የደረሱበት። በቀደም እኔ ያየሁትን መግል እሳቸው አላዩትም። ፋሻውን እጄ ላይ አስቀመጡና ወደ ጓዳ ገቡ። በማግስቱ ለአገራቸው ቤተ ክርስቲያን ልመለስ ነው ብለው አስታወቁ።

እኔ ከቀጠልኩ ክፍሏ ትቀጥላለች። ካልቀጠልኩ ትዘጋለች። እኔን ደግሞ አንድ የግል ሆስፒታል ጠርቶኛል። በሚቀጥለው ሰኞ መልስ ስጪ ብለውኛል።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ጾም። እ.ሊ. ፕሮቴስታንት ናቸው፣ ግን ረቡዕና ዓርብ እስከ ስምንት ሰዓት እህል አይቀምሱም። ታካሚው እየጾመ እሳቸው መብላት አይሆንላቸውም። እማዬ እዚህ ስቀጠር ጴንጤ ያደርጉሻል ብላ አገር ይያዝልኝ ብላ ነበር። እ.ሊ. ይህን ሰሙና አንድ ቀን ሳይጠሩ ቤታችን ከች አሉ። ሽሮ በሉ፣ ደገሙ፣ የእማዬን ጉልበት አዩላት፣ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ስለ ሃይማኖት አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ትናንት ማክሰኞ ስለነበር ታካሚያችን እትዬ በላይነሽ ጋ ሄድን። ድሮ ካዛንቺስ ነበሩ፣ ሰፈሩ ሲነሳ ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ሁለት ታክሲ፣ ከዚያ በእግር፣ ከዚያ ደረጃ። እ.ሊ. ደረጃውን ግድግዳ እየዳበሱ ወጡ። እትዬ በላይነሽ እግራቸው ከተቆረጠ አበቃላቸው፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቁስሉ ግን እየጠበበ ነው። በየሳምንቱ ከታየ ይድናል። ካልታየ ደግሞ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።

ዛሬ ስለ ሆስፒታሉ ነገርኳቸው። እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። ከልባቸው ነው። እናት አለሽ፣ የቤት ኪራይ አለብሽ፣ ሂጂ፣ እግዜር ሰው አያጣም አሉ። ግንባሬን ሳሙኝ።

ተናደድኩ። ቢለምኑኝ እንቢ ማለት እችል ነበር። ይኼ ምን ዓይነት ሰው ነው? ለሥራው ዕድሜያቸውን ሰጥተው፣ እኔን ለማስቀረት አንድ ቃል አይሰጡም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ጋሽ ደበበ መጡ፣ የእድራችን ዳኛ። እ.ሊ. ስለምሄድ ስሜን ከእድሩ አውጡልኝ ብለዋቸው ኖሯል። ጋሽ ደበበ ተቆጡ። ከእድር በሞት ነው እንጂ በአውሮፕላን አይወጣም አሉ። እውነታቸውን ነው። በዚህ ሰፈር እ.ሊ. ሽንኩርት ያልከተፉበት ለቅሶ ቤት የለም።

እሑድ ሽኝት ይደረግ ተባለ። እ.ሊ. ሻይ ብቻ ይበቃል፣ ድንኳን እንዳትተክሉ አሉ። ጋሽ ደበበ እሺ እሺ ብለው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞረው ጠቀሱኝ። ድንኳኑ ነገ ይተከላል ማለት ነው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ማስታወሻዬ፣ ከየት እንደምጀምር አላውቅም። እየሳቅኩም እያለቀስኩም ነው።

ጠዋት እ.ሊ.ን ዓይን ሐኪም ወሰድኳቸው፣ ሜክሲኮ አካባቢ። ስልካችንን አጠፋን። መልሱ ጥሩ አይደለም። የቀረውን ማዘግየት ይቻላል እንጂ የሄደው አይመለስም። በሚኒባስ ተመለስን።

ግቢው በር ላይ ድንኳኑ። እሱንማ እኔ አውቃለሁ። ግን ውስጡ ጥቁር የለበሰ ሰው ሞልቷል፣ ዋይታው ይሰማል። እኔ ድንኳኑ በር ላይ ቆምኩ። እ.ሊ. ግን አላመነቱም። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው አጣፉ፣ እንባቸው ወዲያው መጣ፣ ገቡና ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እንግዲህ ዓይናቸው አያይ፣ ሰው ሁሉ ደግሞ ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ አቀርቅሯል፤ ማንም ልብ አላለም። መሐል ላይ አንዲት ሴት ሙሾ ታወጣለች፦

ባሕሩን ተሻግራ እኛን ያገኘች፣
ቁስላችን ሳይደርቅ ወዴት ተሰወረች።

እ.ሊ. አብረው ደረታቸውን መቱ። ከዚያ አጠገባቸው ወዳለችው አልቃሽ ጠጋ ብለው፣ ማን ነው የሞተው ብለው ጠየቁ።

"እማማ ሊሳ ናቸዋ" አለች ሴትዮዋ ቀና ሳትል።

እ.ሊ. ትንሽ አሰቡ። "የትኛዋ ሊሳ?"

"የእኛዋ ናት እንጂ፣ የትኛዋ ትሆናለች!"

ድምፁን አወቅሁት። እማዬ ናት። የእኔ እማዬ።

ቀና አለች። አየቻቸው። ያወጣችው ጩኸት ዕድሜ ልኬን ከጆሮዬ አይጠፋም። ድንኳኑ ሁሉ ተነሳ። አንዱ በስመ አብ ብሎ በሸራው ሥር ሾልኮ ወጣ። ሌላው እግራቸው ላይ ወደቀ፣ ሌላው እጃቸውን ይዳብሳል፣ ሥጋ መሆናቸውን ለማረጋገጥ። እ.ሊ. የገባቸው በመጨረሻ ነው። ሲገባቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የቀድሞ የካዛንቺስ ሰው ወደ ኡራኤል ሲያልፍ የእድሩን ድንኳን እሳቸው በር ላይ ያያል። ሰሞኑን አላያቸውም። ለአንዱ ይደውላል፣ ያ ለሌላው። ሽኝት ማን አስቦ፣ የእድር ድንኳን ሲታይ የሚታሰበው አንድ ነገር ነው። የተነሳው ሰፈር ሁሉ ካለበት ዳር ታክሲ ይዞ መጣ። እማዬም ሰማች። ጋሽ ደበበ ብረት ድስት ሊያመጡ ሄደው ሲመለሱ ሰው ሲያለቅስ ያገኛሉ። እኛ ጋ ሲደውሉ ስልክ ዝግ። እሳቸውም፣ እ.ሊ. ሐኪም ቤት ሄደው ሞቱ ብለው አመኑ። ድንኳኑን ለሽኝት የተከሉት ሰውዬ ራሳቸው! ሲገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ሙሾ ስታወጣ የነበረችው ማን ነበረች? እትዬ በላይነሽ። ያን ደረጃ ወርደው፣ ሁለት ታክሲ ይዘው፣ በሰው ተደግፈው። ማክሰኞ ያሰርኩላቸው ፋሻ ተፈትቶ ደሙ ጫማቸው ላይ ወርዷል። እ.ሊ. የእትዬን እግር ሊያነሱ ጎንበስ አሉ፣ በጣታቸው ዳበሱ፣ ከዚያ እጃቸውን መለሱ። በሰው ሁሉ ፊት፣ እኔ አላይም፣ ሰብለ ትይልሽ ብለው እኔን ጠሩ። እኔ እንዲህ ማለት እችል ነበር? አልችልም።

ቦርሳዬን አምጥቼ እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ቁስሉን ጠረግሁት። ሰዉ ያያል። እትዬ በላይነሽ ከላይ ሆነው ጸጉሬን ነካ አደረጉ።

"ማክሰኞ ትመጫለሽ አይደል ልጄ?"

ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ፋሻውን ደግሜ አሰርኩት። እማዬ ታየኛለች።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ሽኝቱ ተደረገ። ያው ድንኳን፣ ያው ሰው። ለለቅሶ የመጣው ንፍሮ ለሽኝት ተበላ። ጋሽ ደበበ ንግግር ሲያደርጉ፣ አንዴ አልቅሰንልዎታል፣ ሁለተኛ አንደግምም፣ ስለዚህ እዚያ ሄደው እንዳይሞቱ አሉ። ሳቅን። እ.ሊ. በተራቸው ሲነሱ ንግግር የሚባል ነገር አልወጣቸውም። እያንዳንዱን ሰው በእጃቸው እየዳበሱ በስሙ ጠሩ። አንድም አልሳቱም።

ወደ ቤት ስንሄድ እማዬ ስለ ሆስፒታሉ ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ፈራሁ። አልጠየቀችም። ኡራኤል ስንደርስ ቆማ ተሳለመች። ስትጨርስ፣ በላይነሽ ቤታቸው ስንተኛ ፎቅ ነው አለችኝ። አራተኛ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ሆስፒታሉ ጋ ደወልኩ። አመሰግናለሁ፣ አልመጣም አልኩ። ልጅቷ ገረማት፣ የተሻለ ቦታ አግኝተሽ ነው ወይ አለች። ምን ልበላት? ማክሰኞ የሚጠብቁኝ ሰው አሉ አልኳት። ሌላ ቀን መጀመር ትችያለሽ እኮ አለች፣ ደግ ልጅ ናት። አይ፣ በየማክሰኞው ነው አልኳት። ዘጋሁ።

እፈራለሁ። ማስታወሻዬ፣ ላንቺ አልዋሽም፣ በጣም እፈራለሁ። እሳቸውን አይደለሁም፣ እሳቸውን አልሆንም። ትዕግሥቴ አጭር ነው። ግን ዓይኔ ያያል። ለጊዜው የሚያስፈልገው እሱ ነው።

እ.ሊ. ገና አልሰሙም። አሁን ውጭ ውሃ ሲቀዱ ይሰማኛል፣ ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል፣ አላዩትም። ሄጄ ቧንቧውን ልዝጋና ልንገራቸው።