ማንም ያላያቸው አሥር አስፈሪ ፊልሞች

ግንቦት 1፣ ዓርብ

ስድስት ሰው። ገበያው ጢም ብሎ፣ አህያ እንኳ መቆሚያ አጥቶ... እኛ ቪዲዮ ቤት ስድስት ሰው። ከነሱም ሁለቱ የገቡት ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ነው።

ወንድሜ ሀይደር እንደ ልማዱ የጦርነት ፊልም ከፈተ። በር ላይ የተሰቀለውን ሞንታርቦ እስከ ጥግ ለቀቀው። አባታችን ታሂር፣ አላህ ይማረውና፣ ቤቱን ከከፈተ ጀምሮ ሥራችን እንዲህ ነው፤ የፊልሙ ድምፅ ውጭ ይጮሃል፣ ገበያተኛው ሰምቶ ይገባል። አሁን ግን ሰው በራችን ጋ ሲደርስ ጭራሽ ፈጠን ብሎ ያልፋል። ለምን? ሀይደር ፊልሙ ስላረጀ ነው ይላል። እኔ ደግሞ የእኔን ፊልሞች ክፈት አልኩት። ጂን ለማየት ማን ይገባል ብሎ ሳቀብኝ።

ስምንት ዓመት ሙሉ አስፈሪ ፊልም አይቻለሁ። በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ፣ ሰው ሁሉ ካየው ውጭ ያሉትን፣ ማንም ዞር ብሎ ያላያቸውን አሥሩን መርጬ፣ ከአንድ እስከ አሥር ደረጃ ሰጥቼ በሩ ላይ እለጥፋለሁ። ማን ያነበዋል? አምና ፍየል በላው።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ሀይደር ዛሬ ቁርጡን ነገረኝ። ዓርብ ዓርብ ቤቱ ካልሞላ፣ ጳጉሜ ላይ የእህል መጋዘን ይሆናል። ተከራዩም ተገኝቷል። አግዳሚዎቹንም የሚወስድ አለ። እኔስ? ስለው፣ አንቺማ ቁልፍ ትይዣለሽ አለኝ። ቁም ነገር ያወራ መስሎት።

አባቴ ፊልም ያሳየበት ቤት ገብስ ሊከመርበት! ለመንኩት፣ ተጨቃጨቅኩት፣ አኮረፍኩት። በመጨረሻ ተስማማን። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ያለው የስምንት ሰዓቱ ፕሮግራም የእኔ ነው። መራጯም እኔ፣ ማይክ ይዤ የምተረጉመውም እኔ። ካልሞላ አፌን እዘጋለሁ ብያለሁ። ምን አስባለኝ?

ግንቦት 18

ፍላሹ መጣ! ጓደኛዬ ትዝታ ናት ከደብረ ታቦር የላከችልኝ፤ አብረን ተምረን እሷ እዚያ አስተማሪ ሆናለች። መንገድ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ዘገየ። አርባ አንድ ፊልም አለው። ሹፌሩን ልስመው ምንም አልቀረኝ።

አንደኛው ላይ ጥርጥር የለኝም፤ «የጨው ቤት»። ከመስከረም ጀምሮ በስልኬ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ አሥራ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ፍላሹም ላይ አለ። አባትና ሴት ልጅ፣ ጨው የሚደርቅበት ሐይቅ ዳር። ማንም አይጮህም። ደም የለም። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ዝም... ሰው እንዴት ይኼን አያይም? ሁለተኛ «ዘጠነኛው መስኮት»። ሦስተኛና አራተኛ ላይ እያመነታሁ ነው። «የእርሻው ቤት» ዘጠነኛ፤ ያው ለመሙያ ያህል።

ፈረንጆቹ ዝርዝራቸውን ታኅሣሥ ላይ ነው የሚያወጡት። ታኅሣሥ ላይ ምን ያልቃል? ገብሱ ገና ሳይወቃ። እኔ እስከ ጳጉሜ ጊዜ አለኝ።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

«ዘጠነኛው መስኮት»። አሥራ አንድ ሰው።

አያ ጓዴ ፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከቆላው አፋፍ ገብስና ስንዴ የሚያርሱ ሰው ናቸው፤ ሳይናገሩ መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቁም። ልጅቷ ብቻዋን ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ፣ እኔ ማይኬን ይዤ በሹክሹክታ እየተረጎምኩ፣ ዘመድ የላትም ወይ ብለው ጠየቁኝ። መተርጎሜን ቀጠልኩ። ደግመው ጠየቁ። ከተማ ነው ዘመዶቿ አልኳቸው። ታዲያ ለምን አትሄድም አሉ። ፊልሙ ያልቃላ! አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ከዚያ ወዲያ የፈራ ሰው የለም። ሁሉም ልጅቷ የምትሄድበትን መኪና ሲፈልጉላት አለቀ።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ላብድ ነው።

«የእርሻው ቤት»። ቤተሰቡ አንድ በአንድ ይጠፋል፣ በረቱ ውስጥ የማይታይ ነገር አለ። አራት ሰው ሞተ፣ ቤቱ ጸጥ። ከዚያ አንዲት ላም ጮኸች። ሦስት ቀን ያልታለበች ላም። አያ ጓዴ ተነሡ። «ግቷ ሊፈነዳ ነው እኮ!» አሉ። ከኋላ ሌሎችም ተነሡ። ጥጃዋስ የት አለ፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ተባለ። አምስቱ መቋቋም አቅቷቸው ወጡ። ሰው ሲታነቅ የገብስ ቆሎ እየቆረጠሙ የተቀመጡ ሰዎች!

ሲያልቅ አያ ጓዴ በር ላይ ጠብቀው ታለበች ወይ አሉኝ። አልታለበችም ብላቸው አንጀታቸው ተቆረጠ። እውነቴን ነው፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እስቲ ይኼን የት ደረጃ ላይ ላስቀምጠው? ለሰው ዘጠነኛ፣ ለአራሽ አንደኛ?

ሰኔ 27፣ ዓርብ

ዝናብ። ገበያው ጭቃ። ሰባት ሰው።

ወደ ማለቂያው አንዲት ሴትዮ ዝናብ ሽሽት ገቡ። እትዬ ቦጋለች ይባላሉ፤ ምስርና አብሽ ይዘው የሚመጡ፣ ከዳገቱ ማዶ። ሴት እኛ ቤት ገብታ አታውቅም፣ ከእኔ በቀር። ግድግዳውን ተጠግተው ተቀመጡ። ፊልሙ ላይ ሬሳው ዓይኑን ሲገልጥ አየኋቸው፤ ነጠላቸውን ይጨምቁ ነበር። ዝናቡ አባራ፣ እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው ቆዩ። ሲወጡ የሚመጣው ዓርብም እንዲሁ ያለ ነው ወይ አሉኝ። እንዲሁ ያለ ነው አልኩ። «ደግ» ብለው ሄዱ።

በስምንት ዓመት አንድ ሰው!

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

እትዬ ቦጋለች ባለፈው ሳምንት አራት ሴት ይዘው መጡ። ዛሬ ደግሞ ዘጠኝ። ዘንቢላቸውን እግራቸው ሥር አድርገው፣ ባሎቻቸውን ገፍተው ይቀመጣሉ። ያወራሉ፣ አያ ጓዴም ያወራሉ፤ ልጅ ይዘው የገቡም አሉ። እኔ ማይኩ ላይ እየጮህኩ እተረጉማለሁ። አስፈሪ ፊልም በጩኸት ይተረጎማል? ድምፄ ዘጋ። ግን ሠላሳ አራት ሰው።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ሞላ። ቆመው ያዩም አሉ።

ሀይደር ከአሥር ሰዓት በኋላ የራሱን የጦርነት ፊልም ከፈተና ቤቱ እንደ ወንፊት ፈሰሰ። ሰባት ሰው ቀረለት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ? ሰው ጣዕም የለውም ስል ኖርኩ። አለው ለካ። የሚመርጥለት ነው ያጣው።

እትዬ ቦጋለች ዛሬም በር ላይ፣ ያው እንደ ባለፈው ነው አይደል ብለው ጠይቀው ነው የገቡት። ከባለፈው ይብሳል አልኳቸው፣ ደረቴን ነፍቼ።

ነሐሴ 12

ፍልሰታ። ክርስቲያኖቹ ጾም ላይ ናቸው፣ ቤቱ ባዶ። ይሁን።

ከሀይደር ጋር ተነጋገርን። የዓመቱ የመጨረሻ ዓርብ ነሐሴ 30 ነው። ያን ቀን ከሞላ ባለእህሉን ሌላ ቤት ፈልግ ይለዋል። ሌላ ምን ልከፍት ነው ታዲያ? «የጨው ቤት»።

ነሐሴ 30፣ ዓርብ

ልጻፈው።

ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ሀይደር የዓመቱ መጨረሻ ነው ብሎ ሞንታርቦውን ከፍ አደረገው፣ ውጭ ያለውም እንዲሰማ። ፊልሙ ተጀመረ። ዝም አሉ። አያ ጓዴ ዝም አሉ! አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም ትንፍሽ አላለም። የሐይቁ ውሃ ብቻ... እኔ ራሴ መተርጎም ትቼ ቆሜ አየኋቸው። አላህዬ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

መጨረሻው ላይ አባትየው ጠመንጃውን ከተሰቀለበት ያወርዳል። አንድ ጊዜ ይተኩሳል። አንድ ጊዜ ብቻ። ፊልሙ የሚያምረውም ለዚያ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ።

ተኮሰ።

ስክሪኑን የሚያይ ማንም አልቀረም። ሁሉም መሬት ላይ። ማንም ሳይጮህ፣ ሳይጋፋ፣ እንደ ለመደ ሰው። እናቶች ልጆቻቸው ላይ ተኝተው። እኔስ? አሥራ አንድ ጊዜ ያየሁት፣ ሰከንዱን የማውቀው እኔ፣ ማይኬን እንደያዝኩ ከአግዳሚ ሥር ነበርኩ። እንዴት እንደገባሁ አላውቅም።

ከዚያ ውጭ... ሞንታርቦው ለገበያው ሁሉ አሰምቶታል። ፊልም ነው፣ ፊልም ነው እያልኩ በማይክ ጮህኩ። ማን ይሰማል? ወጥቼ ሳይ ገበያው ባዶ። ስንዴው ጭቃ ላይ፣ ጃንጥላው ተገልብጦ፣ አህዮቹ ጭነት እየጎተቱ። ሽንኩርት የምትሸጠው ፋንቱ ስትሮጥ ወድቃ እጇን ወለም ብሏታል። ሰው አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ። ሁለት የጸጥታ ሰዎች መጥተው ሀይደርን ሲያፋጥጡት ቆዩ። ሞንታርቦው እንዲወርድ አዘው ሄዱ።

እኔ ነኝ የከፈትኩት። እኔ።

ጳጉሜ 1

ፋንቱ ጋ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ወጌሻ አሽቷታል፣ እጇ ታስሯል። ተቆጣችኝ፣ ልክ ናት።

እትዬ ቦጋለች ትናንት ጥለውት የሮጡትን ዘንቢል ሊወስዱ መጡ። ምስሩን ከጭቃ እየለቀምን፣ ፊልሙን ስለወደዳችሁት የመጨረሻ ምርጡን ላሳያችሁ ብዬ ነበር አልኳቸው። መልቀማቸውን አቆሙ።

«ልጄ፣ ፊልሙን ወደን መስሎሽ ነው? ተኩስ የሌለበት ቤት ስላገኘን ነው እኮ» አሉኝ።

ሳይቆጡ ነው ያሉት። በር ላይ ያው እንደ ባለፈው ነው እያሉ በየሳምንቱ የሚጠይቁኝ ይኼን ኖሯል። እኔ ከባለፈው ይብሳል እላቸዋለሁ። ሰው የሀይደርን ፊልም ሲሰማ ፈጠን ብሎ የሚያልፈውም... ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ? እኔም እኮ እዚሁ ነው የምኖረው። እነሱ በየሌሊቱ የሚሰሙትን ተኩስ እኔም እሰማዋለሁ።

ጳጉሜ 3

ተናድጃለሁ። በማን? በሁሉም። ፍቅር ቢጤ ያዛቸው ብዬ ሳስብ፣ ለካ ዕረፍት ፍለጋ ነው። በራሴም። ደረጃ ስሰጥ፣ ስሰርዝ፣ ስደልዝ፣ የሰውን ፊት አንድ ቀን ዞር ብዬ አላየሁም።

ሀይደር ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ሲተኮስ እሱም ፕሮጀክተሩ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ እንደነበር ነገረኝ። ባለእህሉ እስከ መስከረም አጋማሽ እታገሣለሁ ብሏል አለኝ። አንድ ዓርብ ሞክሪ አለኝ። ከዚያ በኋላ እሱም ምንም ማድረግ አይችልም።

«የጨው ቤት»ን ከፍላሹም ከስልኬም አጠፋሁት። በዓመቱ ካየሁት ሁሉ ምርጡ እሱ ነው። አሁንም ነው።

ጳጉሜ 5

ከጳጉሜ 1 ጀምሮ ሌት ተቀን አርባውንም እንደገና እያየሁ ነው። አንዱንም ሳላሳልፍ፣ መጨረሻ ላይ የሠሪዎቹ ስም እስኪወርድ። ጥይት ብቻ አይደለም፤ ርችት አለ፣ የመኪና ጎማ ይፈነዳል፣ በር እንደ ጥይት የሚዘጋም አለ። እነዚህ ፊልም ሠሪዎች፣ አንድ መንፈስ በባዶ እጁ ቢያስፈራራ አይበቃቸውም? ሁሉ ነገር መፈንዳት አለበት? ዓይኔ ቀላ፣ ናላዬ ዞረ።

ስድስት ቀሩ። አሥር አልሞላም። ስድስቱን ጻፍኩና በሩ ላይ ለጠፍኩ። ከላይ በትልቁ፦ ተኩስ የለባቸውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ቆሞ ሲያነብ አየሁ። ማንበብ ለማይችሉት ሲያነቡላቸውም አየሁ።

መስከረም 9፣ ዓርብ

እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ማንም አልመጣም። ሀይደር ቁልፉን በእጁ እያንቀጫቀጨ ቆሞ ነበር። ከዚያ እትዬ ቦጋለች መጡ። ዛሬ አላለሳለሱም።

«የለበትም?»

«የለበትም። እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።»

ፊቴን ትንሽ አዩኝና ገቡ። ዘወር ብለው እጃቸውን ቢያወዛውዙ፣ ለካ ሌሎቹ ማዶ ካለው ሱቅ በረንዳ ላይ ሆነው ይጠብቋቸው ነበር። አያ ጓዴ በአራት ሰው ታጅበው መጡ፤ ላም እንደሌለበትም አረጋገጡ። ፋንቱ እጇ እንደታሰረ መጣች። አግዳሚው ሞላ።

«የጓሮ ጉድጓድ»ን ከፈትኩ። ከስድስቱ አንደኛ ያደረግኩት፣ በጣም የሚያስፈራው እሱ ስለሆነ። የሙቱ እጅ ከጉድጓዱ ሲወጣ፣ እኔ ራሴ ሁልጊዜ ቆዳዬ የሚሸማቀቅበት ቦታ ላይ፣ ለማየት ወደ ሰው ዞርኩ። እትዬ ቦጋለች ራሳቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተኝተዋል። አፋቸው ተከፍቶ። ከጎናቸው ያለችውም። ሁለተኛው አግዳሚ ግማሹ። አያ ጓዴ ያንኮራፋሉ። የዓመቱ አስፈሪ ፊልም፣ ማንም ያላየው፣ አሁንም ማንም አያየውም።

ደሜ ሊፈላ ብሎ ነበር። ተኩሱ አላስተኛ ብሏቸው ስንት ቀናቸው ነው? እኔስ ስንት ቀኔ ነው?

ማይኩን አስቀመጥኩ። ድምፁን ቀነስኩት። ሀይደር ከበር ገብቶ አያቸው፣ ቆመ፣ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ ባለእህሉን ነገ እመልሰዋለሁ አለኝ። ቀስ ብለህ ውጣ አልኩት።

ፊልሙ አለቀ። ማንም አልነቃም። ከመጀመሪያው ደግሜ ከፈትኩላቸው።