«አያምም» ያለው አፌ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም አሥራ አንድ ሕፃን። ሽታው ከጓንቱ አልፎ እጄ ላይ ቀርቷል። ሦስቴ ታጠብኩ... የበሰበሰ የወተት ጥርስ ሽታ እስካሁን ያልለመድኩት ለምንድነው? ወላጆቹ ጡጦ ሙሉ ስኳር ውሃ አፉ ላይ ተክለውለት ያድራሉ፤ ከዚያ «ምን ነካው ዶክተር?» ይላሉ። ምን ይንካው!

ዶክተሩ ለአዲሷ ጸሐፊ ሲያስተዋውቀኝ «ረዳቴ ማር ምላስ ናት፤ እሷ አፉን የማታስከፍተው ሕፃን የለም» አላት። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

አንዲት ሚጣ መጣች። ሦስት ዓመቷ፣ የመጀመሪያ ቀኗ። የመጀመሪያ ቀን እኛ ዘንድ ደንብ አለው። ሕፃኑ እናቱ ጭን ላይ ይቀመጣል፣ ትንሿን የአፍ መስታወት መጀመሪያ ጥፍሩ ላይ አስነካለታለሁ፣ ጥርሱን ቆጥሬ ወደ ቤቱ። ሌላ ነገር የለም።

እንደዚያው አልኳት። ዛሬ መቁጠር ብቻ ነው፣ አያምም። ጥፍሯን ሰጠችኝ። አብራኝ ቆጠረች፣ በተኮላተፈ አፏ... አሥራ ሁለተኛው ጥርስ ላይ ስንደርስ ዶክተሩ አንድ የጠቆረ ጥርስ አየ። ሰዓቱንም አየ። «ከመጣች አይቀር እንንቀለው» አለ ለእናትየው። እኔን በዓይኑ ጭንቅላቷን ያዢ አለኝ።

ያዝኩ። ምን ነክቶኝ ነው? መርፌው ድዷን ሲነካ ጣቴን ነክሳ ከእናቷ ጭን ተንሸራትታ ወረደች። ጥርሱ እዚያው ቀረ። እናትየው «አያምም ተብለሽ የለ» ብላ ቆነጠጠቻት። መቆንጠጥ የነበረበት ማን ነው?

ጣቴ አብጧል። ደግ አደረገች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

አራት ሕፃን። አራቱንም «አያምም» አልኳቸው። ራሴን ተጸየፍኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ሚጣ ተመለሰች። ጉንጯ አብጦ ዓይኗ ሊከደን ደርሷል። ትኩሳት አላት፤ ትንፋሿ ከበር ይሸታል። ዶክተሩ መግሉ ዛሬ ካልወጣ ለሕይወቷም ያሰጋል አለ። እሷ ግን ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ወይ ፍንክች። እናትየው ለመነች፣ ተቆጣች፣ በመጨረሻ ከረሜላ ቃል ገባችላት። ከረሜላ! ዶክተሩ አንሶላ አምጪ፣ ጠቅልለን እንይዛታለን አለኝ።

አላመጣሁም። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ባለፈው ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። «መርፌው ያማል። አምስት እስክንቆጥር ያማል። ከዚያ ይደነዝዛል።»

እናትየው ልጄን አታስፈራሪብኝ አለች። ሚጣ የጠቆረውን ጣቴን አየችው።

«ያምሻል?»

«አዎ፣ ያመኛል።»

እጇን ከአፏ አወረደች። ቆጠርን። ሦስት ላይ አለቀሰች፤ አፏን ግን አልዘጋችም። ጥርሱ ሲወጣ መግሉ እጅጌዬ ላይ ፈሰሰ። የዛሬው ሽታ አልቀፈፈኝም... ለምን እንደሆነ እንጃ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

እናትየው ከስሳኛለች። ዶክተሩ ቢሮ ጠርቶኝ ወላጅ ፊት «ያማል» አይባልም፣ ሰው ይሸሻል አለ። ከሰኞ ጀምሮ ካርድ ክፍል ነኝ። በእኔ ቦታ ጸሐፊዋ ትቆማለች። ከሰዓት በፊት ሲያሠለጥናት ሰማሁ፤ የመጀመሪያው ትምህርት «አያምም በያቸው» ነው። ልጅቷ በደብተር ጻፈችው። ኤጭ!

ከሰዓት ሚጣ ቁስሏ ሊታይ መጣች። እብጠቱ ጎድሏል። ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ፣ ድምፅዋን አለስልሳ፣ ዛሬ ምንም አያምም አለቻት። ሚጣ እሷን አልፋ ወደ እኔ ዞረች።

«እውነቷን ነው?»

እኔስ በምን አውቄ? በመጀመሪያው ቀንም መቁጠር ብቻ ነው ብዬአት ነበር። እዚያው በእናትየው ፊት ዶክተሩን ጠየቅኩት፣ ዛሬ መርፌ አለ ወይ ብዬ። ፊቱ ደም መሰለ።

«የለም» አለ።

«የለም» አልኳት። አፏን ከፈተች።

ከሰኞ ጀምሮ የሚመጡት ሕፃናትስ ማንን ይጠይቃሉ?