በሰባት ቀን አምስት ኪሎ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሰማንያ ሰባት። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ሻርፔን አወለቅሁ፣ ጉትቻዬን ሳይቀር አውልቄ እንደገና ወጣሁበት። ያው ሰማንያ ሰባት። ፋርማሲስቷ ሳልጠይቃት «ሚዛኑ ትክክል ነው» አለችኝ።

ሰባት ቀን ቀረኝ። የዛሬ ሳምንት ዶክተሯ ይመዝኑኛል። ሰማንያ ሁለት ከሆንሁ ለወንድሜ ለሰዒድ ኩላሊቴን እንድሰጥ ወረቀቴ ይፈረማል። አዲስ አበባ ተራ ተይዞልናል፣ እንሄዳለን። ካልሆንሁ አንሄድም።

ከሦስት ወር በፊት ሰማንያ ስምንት ነበርሁ። ዶክተሯ ያኔ ቁጭ ብለው በወረቀት ሠርተው ሰጡኝ። «በሳምንት ግማሽ ኪሎ ብቻ። አትቸኩይ፣ አትራቢ። በሦስት ወር ስድስት ኪሎ ይወርዳል፣ የደም ግፊትሽም አብሮ ይስተካከላል» አሉኝ። እኔ ምን አልሁ? «ግማሽ ኪሎማ ምን አላት? በወር አሥር እጥላለሁ።» እሳቸውም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። በሦስት ወር የጣልሁት አንድ ኪሎ ነው።

የት ሄደ ሦስት ወሩ? እስቲ ልጻፈው።

አንደኛ፣ የመጀመሪያው ሳምንት። በየጠዋቱ በሐይቁ ዳር መንገድ ተመላለስሁ። ቅዳሜ ጉልበቴን አመመኝ፣ ተውሁት።

ሁለተኛ፣ የተማሪ ምዝገባ። የምሠራው ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ ነው። በምዝገባ ሰሞን ምሳ ማለት ሳምቡሳና ለስላሳ ነው።

ሦስተኛ፣ የአጎቴ ልጅ ሰርግ። ሦስት ቀን ሙሉ።

ከዚያ በኋላ «ከሰኞ ጀምሮ» ማለት መጣ። ስንት ሰኞ አለፈ!

ለሰዒድ ግን አራት ኪሎ ቀንሻለሁ ብዬዋለሁ። ማለቴን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ዕቅድ፦ ቁርስ የለም። ምሳ አንድ ብርቱካን። እራት የለም። ጠዋትና ማታ የእግር ጉዞ። አምስት ኪሎ በሰባት ቀን። ይሆናል። ኢንሻአላህ ይሆናል።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሰማንያ አምስት ተኩል! በአንድ ቀን! መንገድ ላይ ብቻዬን ፈገግ አልሁ።

ዛሬ የሰዒድ የእጥበት ቀን ነው። ማክሰኞና ዓርብ፣ አራት አራት ሰዓት ከማሽኑ ጋር ይታሰራል። ከቢሮ አስፈቅጄ አብሬው ሄድሁ። ወንድሜ ጀልባ ሠሪ ነው፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ። ድሮ ሳንቃውን ለብቻው ተሸክሞ ከመንገድ እስከ ሐይቁ የሚያወርድ ሰው ዛሬ ደረጃ ሲወጣ ግድግዳ ይይዛል። ያን ሁሉ የጣና ውኃ አጠገብ ውሎ፣ በቀን የሚጠጣው በብርጭቆ የተለካ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ከልኩ አላለፈም፤ ሚስቱ ፋጡማ ትመሰክራለች። እኔ ከሳምቡሳ ፊት አንድ ወር መቆም አቃተኝ።

ማሽኑ ላይ ሆኖ አየኝና «እታለም፣ ቀሚስሽ እኮ ሰፋሽ» አለኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ እታለም ነው የሚለኝ። ደስ አለው። ቀሚሱ ድሮም ሰፊ ነው፤ አውቄ ነው የለበስሁት።

ከሰዓት ቢሮ ስገባ ጓደኛዬ ትዕግሥት ምሳ አስቀምጣልኝ ነበር።

«ጾም ነኝ» አልኋት።

«ዛሬ ማክሰኞ አይደል? ሰኞና ሐሙስ አልነበር የምትጾሚው?»

«ከረመዳን የቀረ ቀዷ አለብኝ።»

«በይ እንግዲህ፣ የእኛ የነቢያት ጾም ሳይገባ ቀደምሽን» ብላ ሳህኑን ከደነችው።

ቀዷ የለብኝም። ጾምን የውሸት መሸፈኛ አደረግሁት። አላህ ይቅር ይበለኝ። ይህን እዚህ ካልጻፍሁ የት እጽፈዋለሁ?


ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሰማንያ አራት ነጥብ ሰባት። ዛሬ ግን አልሳቅሁም።

ራሴን ይወጋኛል። አፌ ደርቋል። ውኃ ሚዛን ላይ ይከብዳል ብዬ ከትናንት ጀምሮ በጣም ቀንሻለሁ። በሐይቁ ዳር ስሄድ ዓሣ የሚጠብሱበት ጋ ስደርስ መንገድ ተሻገርሁ። ሽታው ግን አብሮኝ ተሻገረ።

አንዲት ተማሪ ስሟ በውጤት ወረቀቷ ላይ ተሳስቶ መጣች። ሦስተኛ ጊዜዋ ነው፤ ያጠፋነው እኛ ነን። «ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል አንቺን ብቻ ነው እንዴ የማገለግለው?» ብዬ ጮኽሁባት። ወረቀቱን እንደያዘች ወጣች። ልከተላት ብዬ ስነሳ አዞረኝ፣ መልሼ ተቀመጥሁ።

የቀረኝ ሁለት ነጥብ ሰባት ኪሎ። አምስት ቀን።


ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ተኝቼ ነው የምጽፈው።

አራት ሰዓት ላይ ፋይል ይዤ ደረጃ ስወርድ ጆሮዬ ጭው አለ። ከዚያ የማስታውሰው የትዕግሥትን ድምፅ ነው፤ «ዘሀራ! ዘሀራ! ውኃ አምጡ!» ትላለች። ወድቄያለሁ። ክርኔ ተልጧል፣ ግንባሬ አብጧል። ትዕግሥት በባጃጅ ክሊኒክ ወሰደችኝ። መንገድ ላይ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ «ይህ ጾም አይደለም። ምንድን ነው የያዝሽው? ንገሪኝ» አለችኝ። ነገርኋት። ሁሉንም። አንድም ቃል አልተቆጣችም፤ ጸጉሬን ብቻ ወደ ውስጥ መልሳ ሻርፔን አስተካከለችልኝ። ብትቆጣኝ ይቀልለኝ ነበር።

ግሉኮስ ሰጡኝ፣ ደም ወሰዱ። ውጤቱን ያየው ሐኪም የኩላሊት ምርመራው ከፍ ብሏል አለኝ፤ ዶክተርሽን ነገውኑ አናግሪ አለኝ።

የማን ኩላሊት አልሁት፣ እንደ ጅል።

የአንቺ አለኝ።


ዓርብ፣ ኅዳር 12

ዶክተሯ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ውኃ ለምን ተውሽ?»

«ሚዛኑ እንዲወርድልኝ።»

«የወረደልሽ ውኃ ነው፣ ስብ አይደለም። ኩላሊት ልሰጥ ብለሽ መጣሽ፣ ኩላሊትሽን በጥም ቀጣሽው።»

አልጮኹም። ብቻ እንዲያ ብለው ስልካቸውን አነሱ፤ እዚያው ፊቴ አዲስ አበባ ደወሉ። የሰኞው ቀጠሮ ተሰረዘ። የእኛ ተራ ለሌላ ቤተሰብ ይሰጣል። ለእኛ አዲስ ተራ መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም፤ ወራት ይወስዳል። የእኔ ኩላሊት ውኃና ምግብ ሲያገኝ እንደሚመለስ ተስፋ አላቸው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይታያል።

ስልኩን ዘግተው ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡና «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቀዶ ሕክምናውን ትፈሪያለሽ?» አሉኝ።

አልፈራም ልል አፌን ከፈትሁ። ያወጣሁት ግን ለቅሶ ነው።

እፈራለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እፈራለሁ። ተኝቼ ባልነቃስ? የቀረው አንዱ ኩላሊቴ ቢታመምስ? ሁሉም ዘመድ «እህት ማለት እንዲህ ናት» ሲለኝ ፍርሃቴን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። ዛሬ ሳስበው ያን «በወር አሥር ኪሎ» ያልሁት እንደማይሆን እያወቅሁ ነው። ግማሽ ኪሎ ይቻላል። የሚቻለውን ብይዝ ይሆን ነበር፤ ከሆነ ደግሞ ቢላው ይመጣል። ስንፍና ነው ስል የከረምሁት ፍርሃት ነው።

ይህን ለዶክተሯ ነገርኋቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉኝ፦ «ካልፈለግሽ የሚያስገድድሽ ሰው የለም። ለመስጠት ጤናዋ አይፈቅድም ብዬ እጽፋለሁ። ምክንያቱን ለማንም አልናገርም፤ ለወንድምሽም ቢሆን። አስቢበት።»

በሩ ተከፈተልኝ። ቀለለኝ ወይ? አዎ፣ ለአንድ ደቂቃ ቀለለኝ። ከዚያ ከግቢው ስወጣ ሰዒድ እጥበቱን ጨርሶ በማዶ በኩል በፋጡማ ተደግፎ ሲሄድ አየሁ። አልጠራሁትም።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ልነግረው ሄድሁ። አልነገርሁትም።

ፋጡማ ሻንጣውን ወለል ላይ ከፍታ ልብስ ታጣጥፋለች። ለአዲስ አበባ ብርድ ወፍራም ሹራብ ገዝታለታለች። ለእኔም አንድ ፎጣና የሌሊት ልብስ ለብቻው በፌስታል አድርጋ ጥግ ላይ አስቀምጣለች። «ይህ የአንቺ ነው፣ እንዳትቸገሪ» አለችኝ። ግንባሬን አይታ ደነገጠች። ደረጃ አንሸራቶኝ ነው አልኋት።

የተጠበሰ ዓሣ አቀረበች። በላሁ። ሙሉውን በላሁ፣ አጥንቱ እስኪቀር።

ሰዒድ ከቤቱ ጀርባ፣ ሐይቁ ዳር፣ የጀመረውን ጀልባ ዙሪያ ዙሪያውን እየነካካ ያሳየኛል። ጎድኑ ቆሟል፣ ሳንቃው ገና ግማሽ ነው። «ይህን ለማንም አልሰጥም፤ ድኜ ስመለስ ራሴ እጨርሰዋለሁ» ይላል። «እሺ» አልሁት። እሺ!

ወደ ቤት በእግሬ ተመለስሁ። ወረቀቱን ዶክተሯ ይጻፉ፣ ማንም አይወቅ እያልሁ ግማሹን መንገድ ሄድሁ። ግማሹን መንገድ ራሴን እየረገምሁ።


እሑድ፣ ኅዳር 14

ነገርሁት።

ጠዋት ሄጄ ጀልባው አጠገብ ካለው ግንድ ላይ ተቀመጥን። ከመቀመጤ ጀመርሁ፣ ካቆምሁ አልቀጥልም ብዬ ፈርቼ። አራት ኪሎ ያልሁት ውሸት እንደሆነ። ሦስት ወር እንዳባከንሁ። በሳምንት አምስት ኪሎ ልጥል ብዬ እንደወደቅሁ። ተራችን እንደሄደ። እፈራ እንደነበር። አሁንም እንደምፈራ።

የጀልባውን ሳንቃ በመዳፉ ደጋግሞ አሻሸ። ከዚያ ሳያየኝ፦

«ፈራሁ ብትይኝ ምን ነበረበት? ሁለት ዓመት ሙሉ በየማክሰኞው በየዓርቡ የምፈራ ሰው ነኝ። ፍርሃት አይገባውም ብለሽ ነው?»

«አፍሬ ነው።»

«እኔ እኮ አንቺ እምቢ ብትይኝ አልሞትም፣ እታለም። ማለቴ፣ ልሞትም እችላለሁ። ግን አልጠላሽም ነበር።» በአገጩ ወደ ቤቱ ጠቆመ። «ትናንት ግን ፋጡማ ሻንጣ ስታዘጋጅ እያየሽ ዓሣ በልተሽ ሄድሽ።»

 

ዶክተሯ የከፈቱልኝን በር ነገርሁት። «ልዘጋው ነው የመጣሁት። እሰጥሃለሁ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ፣ እንዳሉት፣ ብፈራም» አልሁት።

«ቃል አትስጪኝ» አለኝ። «ቃልሽን ሰምቼዋለሁ። ስትበይና ስትራመጂ ልይሽ። የዚያን ጊዜ እናወራለን።»

ቤት ስንገባ ፋጡማ ሰምታ ኖሯል። ሹራቡን ከሻንጣው አውጥታ ቁም ሳጥን ውስጥ ትሰቅላለች። ቻው ስላት ፊቷን አላዞረችም።


ሰኞ፣ ኅዳር 15

ሰማንያ ስድስት። ውኃው ተመለሰ። ዶክተሯ እንደሚሆን ነግረውኝ ነበር፣ ቢሆንም ቁጥሩን ሳየው ከፋኝ።

ዛሬ የቀጠሯችን ቀን ነበር። ልብሴን ለብሼ ቀጥ ብዬ ቢሮ ገባሁ። መጀመሪያ ያደረግሁት የዚያችን ተማሪ ስም ማስተካከል ነው። ደውዬ ጠራኋት፣ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ምንም አይደል» ብላ ወረቀቷን ቶሎ ተቀብላ ወጣች። አላመነችኝም መሰለኝ።

ትዕግሥትንም በጾም ስለዋሸኋት ይቅር በይኝ አልኋት። «ያኔውኑ አውቄያለሁ እኮ» አለች።

ከዶክተሯ የተቀበልሁት አዲስ ወረቀት፦ ስምንት ሳምንት፣ አራት ኪሎ። ቁርስ እንቁላልና አንድ ዳቦ። ምሳ አንድ እንጀራ፣ ጎመን፣ ምስር። እራት ቀለል ያለ፣ ከመግሪብ በኋላ ብዙም ሳይቆይ። ውኃ እንደ ልብ። በየቀኑ አርባ ደቂቃ በእግር፣ ጉልበቴን ካመመኝ ሃያ። ለስላሳ የለም። በወረቀቱ ግርጌ ዶክተሯ በእጃቸው «ብትስቺ በማግሥቱ ቀጥይ» ብለው ጽፈውበታል። እንዲህ ያለው ወረቀት ከሦስት ወር በፊትም በእጄ ነበር። ያኔ ብይዘው ኖሮ ዛሬ ሻንጣ ይዘን መንገድ ላይ ነበርን። ይህ አይፋቅልኝም።

ከሥራ ወጥቼ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሄድሁ። አርባ አልሞላም። ሠላሳ አምስት ብዬ ጻፍሁ።

አሁን ሰዒድ ደወለ። ከሰላምታ በፊት «ዛሬ ምን በላሽ?» አለኝ።

ቆጠርሁለት። እንቁላሉን፣ ዳቦውን፣ እንጀራውን። ከሰዓት ቢሮ ውስጥ የተበላውንም ግማሽ ሳምቡሳ።

«ግማሽ?»

«ግማሹን ትዕግሥት ቀማችኝ።»

የሳቀ መሰለኝ፤ አስሎም ሊሆን ይችላል። ነገ እጥበት አለው። አብሬህ ልምጣ ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ፋጡማ ትመጣለች» አለ።

እሺ አልሁ። ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋንም። ከጀርባው የፋጡማ ድምፅ ይሰማል፤ የምትለው አይለይም።

«እታለም» አለ ቆይቶ። «ሁለታችሁም ኑ።»