ከባዱን ላፕቶፕ ይግዙልን

ይድረስ ለማከብርዎ ወንድሜ ለጋሼ ሀይለመለኮት። አዲስ አበባ ያላችሁ ሁላችሁም እንደምን ከረማችሁ? እኛ ደብረ ማርቆስ ከብርዱ በቀር ደህና ነን።

ለልጄ ለአንሙት ከሁለቱ ላፕቶፖች የቱን ልግዛ ብለውኛል። ይህ ልጅ አንጀቴን አሳረረው። ጌም የሚያጫውተውን ሲለምንዎ ከርሞ፣ አሁን ስሱ ይሻለኛል አለ።

"በስሱ ጌም ይቆራረጣል ብለህ አልነበር?" ስለው፣

"ጌም ትቻለሁ፣ እማ። ይሄ ቀላል ነው፤ ባትሪውም ቀኑን ሙሉ ይቆያል" አለኝ።

"ሶኬት ከአልጋህ አጠገብ አለ። ወዴት ልትሸከመው ነው?"

ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ። የጎረቤታችን የሙሉዬ ልጅ በመተማ ድንበር ተሻግሮ ከሱዳን ከደወለለት ወዲህ እንዲህ ነው። ትናንት ደግሞ ደህናውን ጫማ ሶሉን አሰፍቶ መጣ።

እኔም ሱቅ ሄጄ ጠየቅሁ። ጌም የሚያጫውተው ፈጣን ነው፤ ግን ይግላል፣ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ከሶኬት ሲነቀል ወዲያው ይዳከማል፣ ክብደቱም ለመንገድ አይሆንም አሉኝ። የእኛን ሰፈር መብራት ደግሞ ያውቁታል።

ቢሆንም እሱኑ ይግዙልን። እኔ ነኝ ያልኩት አይበሉት። ጩኸቱ አያስቸግረኝም፤ ጓዳ ሆኜ እሰማዋለሁ።

ኪዳነ ምሕረት ቤትዎን ትጠብቅልኝ።

እህትዎ ወለተ ሰንበት