ሳሎን ውስጥ ያልተሞከረው ስልክ

ለተከበሩ ሚስተር ዱዌይን ሆልተር፣
የካውንቲያችን የቤት ለቤት እንክብካቤ ጽሕፈት ቤት ኃላፊና የሥራ ስልክ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ኤልምዴል፣ ሰሜን ዳኮታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ይህ የበረዶ ወራት እርስዎንና ቤተሰብዎን ጉንፋን የማይደፍርበት፣ መኪናዎንም ባትሪው የማይከዳበት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ሎሬታ ኖርድቢ እባላለሁ፤ በእርስዎ ሥር ከምንሠራ የቤት ለቤት ረዳቶች አንዷ ነኝ። ሥራዬ አቅም ያነሳቸውን አዛውንቶች በየቤታቸው እየዞርኩ ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒታቸውን ማቀበል፣ እንዲሁም ጋዜጣ ላይ የማይጻፉ ሌሎች ነገሮችን ማድረግ ነው። እነዚያን ሌሎች ነገሮች እርስዎ የመረጡልን ስልክ በየሰዉ ቤት ጮኾ ስለሚናገራቸው፣ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ስለ እርሱ ነው።

በቅድሚያ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ኮሚቴዎ ለሥራ የሚሆነንን ስልክ ለመምረጥ በጋውን ሙሉ እንደደከመ፣ ይህ ደብዳቤዬ በሚወጣበት በዚሁ ጋዜጣ አንብቤአለሁ። ስልኩን ከጽሕፈት ቤታችሁ ጣራ ላይ ወርውራችሁታል፣ በጭነት መኪና ሄዳችሁበታል፣ በባልዲ ውሃ ነክራችሁ ከእነ ባልዲው አቀዝቅዛችሁታል፤ እርሱ ግን ከዚያ ሁሉ መከራ ፊቱ ሳይጫር ወጣ። እርስዎ ከባልዲው በረዶ ውስጥ ፈልቅቀው ወደ ላይ ሲያነሱት የሚያሳየው ፎቶግራፍ ግሮሰሪው በር ላይ እስካሁን ተለጥፎ ይታያል። ከእኛ መካከል ሽማግሌ ስታጥብ ከጣራ የወደቀች እስካሁን የለችም፤ ብትወድቅ ግን ስልኩ እንደሚተርፍ ማወቅ ያጽናናል። እኛንም አማክራችሁናል። የስልኩ ልባስ ሰማያዊ ይሁን ወይስ ብርቱካናማ ተብለን ተጠይቀን፣ በአብላጫ ድምፅ ብርቱካናማ አልን፤ ሰማያዊው መጣልን። ከዚያ ሁሉ ጣይና አንሺ መካከል ግን ስልኩን አንድ ጊዜ እንኳ ሳሎን ውስጥ የሞከረ ሰው አልነበረም።

ቅሬታዎቼን እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የድምፁ ነገር። ስልኩ የተሠራው እህል አጫጅ መኪና አጠገብ ለሚውሉ ሰዎች እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ እውነትም ይሰማል። ድምፁን መቀነስ እንዳንችል አስቆልፋችሁታል። ከእኛ አንዳንዶቹ በድሮው ስልክ «ጥሪውን አልሰማሁም» እያልን ስናመካኝ ስለከረምን፣ በዚህ የምንወቅሳችሁ እጃችን ንጹሕ ሆኖ አይደለም። ደግሞም ስልኩ መልስ ሲያጣ ድምፁን ይጨምራል። እንዲህ ያለ ትጋት በሰው ላይ ቢታይ ሹመት ያሰጣል።

ሁለተኛ፤ የልፍለፋው ነገር። አንድ ቤት ስገባ ስልኩ የት እንደገባሁ በራሱ ያውቃል፤ ያወቀውን ደግሞ ለራሱ አይይዝም። የባለቤቱን ስምና የሚደረግላቸውን ነገር አንድ በአንድ ያነባል፤ እኔም በአፌ «አዎ» ወይም «አልተፈጸመም» እስክል ድረስ ይደጋግማል። እጃችን በሥራ ስለሚያዝ በጣታችን እንዳንቸገር ታስቦ ነው ተባልን። ስለ ጣቶቻችን ስላሰባችሁ እግዜር ይስጥልን።

ሦስተኛውን እንደ ሁለቱ በአጭሩ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

ከምረዳቸው ሰዎች አንዱን አርቪድ ብዬ ልጥራቸው። በእኔ ዝርዝር አርቪድ የሚባል ሰው ስለሌለ ፍለጋ አይድከሙ፤ የእንግዶቻቸውንም ስም ለውጬዋለሁ። ምን ይሠሩ እንደነበርም አልናገርም፤ አንድ ክፉ ጥር እርስዎን ከነመኪናዎ ከበረዶ ካወጡት ሰዎች አንዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እግራቸው ከድቷቸዋል፤ ሌላም ነገር ከድቷቸዋል። ያ ሌላው ነገር በእኔና በእሳቸው መካከል የሚቀር ነው፤ እየሠራነው እንኳ ሁለታችንም የምናወራው ስለ ስንዴ ዋጋ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ሦስት ሰዎች ካርታ ሊጫወቱ እቤታቸው ይመጣሉ፤ ፓስተሩ፣ ጎረቤታቸው ክላረንስ፣ እና የቤተ ክርስቲያናችንን ኦርጋን የሚጫወቱት፣ ባላቸው የሞቱባቸው ወይዘሮ ገርዲ። በዚያ ቀን አርቪድ ፀጉራቸውን በውሃ አርሰው ሁለት ጊዜ ያበጥሩታል። ለፓስተሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቀድሞ እኔ የምሄደው እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ ነበር፤ አሁን ሰዓት የሚቆርጥልኝ ስልኩ ስለሆነ፣ ባለፈው ወር አንድ ሐሙስ ጨዋታው መሐል ላከኝ።

«ግቢ ሎሬታ፣ በሩን ዝጊው እንጂ! ዳኮታን በሙሉ ልታስገቢብን ነው እንዴ?» አሉኝ አርቪድ፣ ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው።

«ተዋት ትክፈተው፤ ነፋሱ የኔን ካርታ ቢወስድልኝ በወደድኩ» አለ ክላረንስ።

ወይዘሮ ገርዲ ይዘው የመጡትን የድንች ቂጣ በቅቤና በስኳር ጠቅልለው አንዱን ሊያጎርሱኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ስልኩ ከኪሴ ውስጥ ጮኸ፦

«ደንበኛ፣ አርቪድ። የመጀመሪያ ተግባር፣ ዳይፐር መቀየር። ተፈጽሟል? አዎ ወይም አልተፈጸመም ይበሉ።»

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም የዚሁ አገር ልጅ ነዎትና የእኛን ሰው ጠባይ ያውቃሉ። አንድ ሰው ሲያፍር ሌላው ጆሮው ይደፈናል። የሰው ገበና የሚሸፈነው በዚያ ነው፤ ከዚያ የተሻለ ብርድ ልብስ የለንም።

«ነፋሱ ወደ ሰሜን ዞረ መሰለኝ» አለ ክላረንስ፣ መስኮቱን ሳያይ።

«ዞሯል እንጂ! ጉልበቴ ከጠዋት ጀምሮ ሲነግረኝ ነበር» አሉ ወይዘሮ ገርዲ። ቂጣው በእጃቸው እንደተዘረጋ ነው።

ስልኩ ደገመው። ስብከታቸው ከሁለተኛው ረድፍ ወዲያ ተሰምቶ የማያውቀው ፓስተራችን ተነሥተው ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ማሞቂያ እንደ ጨረታ አጫራች መጮኽ ጀመሩ። ክላረንስም «ድሮም ቧንቧው ነው! ቧንቧው ነው አላልኩም?» እያለ አገዛቸው። እኔ ስልኩን በኮቴ ጠቀለልኩት፣ ዳቦ መያዣው ውስጥ ከተትኩት፣ በመጨረሻም ተቀመጥኩበት። ድምፁን ጨመረ። ሦስት እንግዶች አንድን ሽማግሌ ለማዳን ከአንድ ስልክ ጋር እየተጯጯኹ ነበር፤ እውነቱን ልንገርዎትና እያሸነፉም ነበር። ትንሽ ብታገሥ ኖሮ አርቪድ ራሳቸው ስለ ማሞቂያው አንድ ነገር ጣል ያደርጉ ነበር፤ ሁላችንም ምንም እንዳልሰማን ሆነን ወደ ቤታችን እንገባ ነበር።

እኔ ግን መታገሥ አቃተኝ፤ «አዎ!» ብዬ ጮኽኩ።

ፓስተሩ ተመልሰው ተቀመጡ።

«እናመሰግናለን» አለ ስልኩ። «የሚቀጥለው የአርቪድ ዳይፐር ከእራት በኋላ።»

የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ማሽን የሚለውን ሰምቶ እንዳልሰማ መሆን ይቻላል፤ ማሽን ማን ነውና! እኔ ግን በዚያ ቤት የምታወቅ፣ ቂጣ የሚዘረጋልኝ ሰው ነኝ። ስልኩ የጠየቀውን በአንዲት ቃል እውነት አደረግሁላቸው፤ ከዚያ በኋላ ማንም «አልሰማሁም» ሊል አልቻለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ ነበር። ያንን ቃል ለመናገር የተከፈተ አፌ እስካሁን ያሳፍረኛል፤ እራት ስበላ እንኳ ትዝ ይለኛል።

ወይዘሮ ገርዲ ዓይናቸውን ካርታቸው ላይ ተክለው ቀሩ። አርቪድ የያዙትን ካርታ ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና፣ «ዛሬ ደከመኝ» አሉ። እንግዶቹ ስለ ጨዋታው አመስግነው፣ ስለ መንገዱ መንሸራተት ተነጋግረው ወጡ። ወይዘሮ ገርዲ በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «እንግዲህ ሐሙስ» አሉ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ማንም እንዳይመጣባቸው ለፓስተሩ ደወሉ። እኔም ስሄድ በሩን አልከፈቱልኝም።

«አንቺን አልጠላሁሽም ሎሬታ» አሉኝ ከበሩ ወዲያ። «ዓይንሽን ግን ማየት አልቻልኩም። ሂጂ በቃ።»

አራተኛ፤ እዚህ ላይ ስልኩ ሁለት ምርጫ ሰጠኝ፤ «ደንበኛው እምቢ ብለዋል» እና «ደንበኛው ቤት የሉም»። «ደንበኛው አፍረዋል» የሚል ስለሌለው የመጀመሪያውን መረጥኩ፤ በሌላ ቀንም እንደዚያው። ሦስተኛ ጊዜ እምቢ ያለ ሰው ብቻውን መኖር እንደማይችል ተቆጥሮ ቤቱን ዘግቶ ወደ አረጋውያን ማቆያ እንዲገባ የሚያዝ ደንብ እንዳለ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ፣ ለልጃቸው የተላከውን ማስጠንቀቂያ ልጃቸው ሲያነቡልኝ ነው። ሰውየው ሚስታቸውን ያገቡበት፣ አስከሬናቸውንም የሸኙበት ቤት ነው። ከዚያ የሚወጡት እግራቸው ስለደከመ ሳይሆን ስልካችሁ ስለበረታ ይሆናል።

ስለዚህ ባለፈው ማክሰኞ አንድ ጥፋት ሠራሁ። ስልኩን ቤቴ ትቼ ሄድኩ።

«ማነው?» አሉ አርቪድ።

«እኔ ነኝ።»

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ያስ?»

«ቤቴ ነው፤ ምድር ቤት ድንች ሳጥን ውስጥ።»

«ምስኪን ድንች» አሉ።

ይህንን ደብዳቤ እስከ አራተኛው ቅሬታ ድረስ ጽፌው ስለነበር በበሩ ሥር አሾለክሁላቸው። ያለ እሳቸው ፈቃድ ባሳትመው ከስልኩ በምን እሻላለሁ ብዬ ነው። በረንዳው ላይ ቆሜ አፍንጫዬ እስኪደነዝዝ ጠበቅሁ። ሲያነቡ ይሰማኛል፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ አጉረመረሙ፣ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየሁት ድምፅ አሰሙ።

«አርቪድ ማለትሽ ምነው? አርቪድ የሚባል አጎት ነበረኝ፤ ጅል ነበር።»

«እቀይረዋለሁ።»

«ተዪው። ጅልም ቢሆን ሰው ነው።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ገርዲ ታነበዋለች?»

«ጋዜጣውን ሁሉም ሰው ያነበዋል።»

ወረቀቱን እንደገና ከመጀመሪያው ሲገልጡት ሰማሁ። እኔም እዚያ ቆሜ፣ ይህንን ወረቀት ቀድጄ ብሄድ ይሻል ነበር እያልኩ ራሴን ስረግም ነበር።

«አንድ ነገር ሳትጽፊ ቀርተሻል» አሉ በመጨረሻ። «ያን ዕለት እየመራሁ ነበር። የያዝኩትን ካርታ ስዘረጋው ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ፓስተሩንና ክላረንስን አንድ ላይ ጠርጌያቸው ነበር። ይህን ጻፊና ከፈለግሽ አሳትሚው።»

ጽፌዋለሁ። በሩም ተከፈተ። ፊት ለፊት ተያየን፤ የሁለታችንም ዓይን ባረፈበት ቦታ ላይ ትንሽ ቆየና፣ ስንዴ በዚህ ሳምንት እንደወረደ ነገሩኝ። ታጠቡ፣ ለበሱ፣ ሾርባቸውን ጠጡ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው ክቡር ሆይ። እኔ ያን ዕለት ስልኩን ስላልያዝኩ፣ በእናንተ ዘንድ እዚያ ቤት አልሄድኩም፤ ስልኩም መልስ ስላጣ፣ እሳቸው ለሦስተኛ ጊዜ እምቢ እንዳሉ ተቆጥሮባቸዋል። የሄድኩትና የተከፈተልኝ መሆኑን ግን በዚህ ጋዜጣ ፊት እመሰክራለሁ። ስለዚህ አንድ ጊዜ እንኳ የስልክን ቃል ትተው የሰው ቃል እንዲቀበሉ፣ የማቆያውንም ትእዛዝ በገዛ እጅዎ እንዲሰርዙ እለምንዎታለሁ። እኔን ስለ ስልኩ ለመቅጣት ከወሰኑ በደስታ እቀጣለሁ፤ ቅጣቱን ግን እባክዎ በደብዳቤ ይላኩልኝ እንጂ በስልኩ አያስነግሩብኝ።

ለካውንቲያችን ስልክ ጽናት የደከሙትን ድካም በማክበር፣ እንደ ስልኩ ሳይሆን ዝቅ ባለ ድምፅ የምሰናበትዎ፣

ታዛዥዎ (ከማክሰኞ በስተቀር)
ሎሬታ ኖርድቢ

ማስታወሻ፦ ሰኞ ዕለት በዝርዝሬ ላይ አዲስ ስም ተጨምሮ አገኘሁ። ማን እንደሆኑ፣ ለማን ምን እንደሚሆኑ አልጽፍም፤ እርስዎ ግን ከልጅነትዎ ጀምሮ ያውቋቸዋል። ስልኩን መኪናዬ ውስጥ ቆልፌበት ገባሁ። እንግዶች ነበሯቸው።