ውሃ የበዛባት ቲማቲም

ውድ ወንድሜ ጣሃ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጅዳ ከነባለቤትህ ከነልጆችህ እንዴት ከርማችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ድካሙን ካልቆጠርነው ደህና ነን።

በረንዳ ላይ በባልዲ የተከልኳት ድንክ ቲማቲም አፈራች። ቁመቷ ከጉልበቴ አያልፍም። ከቦሌ ኤርፖርት ሥራዬ የካ አባዶ እስክደርስ የታክሲው ሰልፍ ስለሚገድለኝ፣ ስገባ እሷን ማየት ያሳርፈኝ ነበር። አሁን ውሃ በዝቶባት ቅጠሏ ቢጫ ሆኗል። እማ «የውዱእ ውሃ ሽንት ቤት አይፈስም» ብላ፣ ለሶላት የታጠበችበትን በሳፋ አጠራቅማ ቲማቲሟ ላይ ትደፋዋለች። የምሽቱን ሶላት፣ መግሪብን፣ ሰግዳ ትነሳና፣ መግሪብ ሳያልፈኝ ብላ እንደገና ውዱእ ታደርጋለች። «ሰግደሻል እኮ» ስላት፣ «ሶላት ልትከለክይኝ ነው?» ብላ ትቆጣኛለች። ስለዚህ የባልዲው ሥር ተጨማሪ ቀዳዳ በሳሁለት።

ትናንት እማ የመጀመሪያዋን ቀይ ፍሬ ቀጥፋ በሻርፗ ጫፍ ቋጠረቻት። «የጣሃ ናት፤ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ይርበዋል» አለችኝና በሩን ከፍታ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ልጆቹን ሳምልኝ። አላህ ለዒድ በሰላም ያገናኘን። ስትመጣ ግን አደራ፣ እማ እንድትለይህ ፂምህን ተላጭተህ ና።

እህትህ ራሕማ